ሰንጢዋ ለምን አልከፈት አለችኝ?

መግቢያ

የቀኝ እጄ ሌባ ጣት ላይ አንዲት ቀጭን ጠባሳ አለች። የክፍል ልጆች "ምን ሆነህ ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ "ሽንኩርት ስከትፍ ነው" እያልኩ አልፍ ነበር። ዶርም የሚኖርና በካፌ የሚመገብ ተማሪ ሽንኩርት የት አግኝቶ እንደሚከትፍ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እውነቱ ሌላ ነው። ጣቴን የቆረጠችኝ ራሴን ልከላከልባት ያወጣኋት የገዛ ሰንጢዬ ናት።

ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን፣ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለማስረዳት እሞክራለሁ። አንደኛ፣ ሰንጢ መክፈት ቀላል ይምሰል እንጂ ስንት ጥቃቅን እርምጃ በውስጡ እንዳለ፤ ሁለተኛ፣ ድንጋጤ እነዚህን እርምጃዎች እንዴት እንደሚያበላሻቸው፤ ሦስተኛ ደግሞ ሰንጢ ኪስ ውስጥ መኖሩ ብቻውን ውሳኔያችንን እንዴት እንደሚለውጠው። ጽሑፉ የስለት አያያዝ ትምህርት አይደለም። ስለ ስሜትና ስለ ክህሎት በክፍል የተማርነውን ነገር በገዛ ጣቴ ላይ ያየሁበት ታሪክ ነው።

የሆነው ነገር

ሰንጢዋን የሰጠኝ አጎቴ ነው። ኮሌጅ ስገባ ሊሸኘኝ መናኸሪያ መጥቶ ከራሱ ኪስ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የእንጨት እጀታ ያላት፣ ስለቷ ከጣት የማይረዝም፣ ጥፍር የሚገባባት ጭረት ያላት፣ ስለቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማቆሚያ የሌላት ተራ ሰንጢ ናት። ከዶርም ቁልፍና ከሳንቲም ጋር ሁልጊዜ በቀኝ ኪሴ ትኖር ነበር። ብርቱካን ልጬባታለሁ፣ ሸንኮራ ቆርጬባታለሁ፣ እርሳስ ቀርጬባታለሁ። ማታ ማታ ግን ሌላ ሥራ ነበራት። ከግቢ ውጪ አምሽቼ ስመለስ እጄን ኪሴ ከትቼ እዳብሳታለሁ። ስዳብሳት ደረቴ ይነፋል። "ማን ይነካኛል!" እላለሁ በሆዴ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ውስጥ፣ የፈተና ሰሞን፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ኖት ፎቶ ኮፒ አስደርገን ስንመለስ መብራት ጠፋ። ከዋናው መንገድ ወደ ግቢያችን በር የሚወስደው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ሁለት ልጆች ከአጥር ጥግ ወጡ። አንደኛው ዱላ ይዟል። "ሞባይል!" አለ። ጓደኛዬ አንዴ ዞር ብሎ አየኝና ወደ ዋናው መንገድ እየጮኸ ሮጠ። እኔ አልሮጥኩም። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ምናልባት አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ግማሽ ቀን ያህል ነበር። መጀመሪያ እጄ ያገኘው ቁልፉን ነው። ቁልፉን ለቅቄ ሰንጢዋን ስይዝ ጃኬቴ ያዘብኝ። ጎትቼ አወጣኋት። የግራ አውራ ጣቴን ጭረቷ ላይ ላስገባ ስል ጥፍሬ አዳለጠኝ። ደገምኩ፣ አሁንም አዳለጠኝ። ለካ ገልብጬ ይዣት በጀርባዋ በኩል ነው የምታገለው። አገላብጬ ግማሽ ድረስ እንደከፈትኳት ባለዱላው ገፈተረኝ። ስለቱ ተመልሶ ጣቴ ላይ ተዘጋ። ሰንጢዋም ሞባይሌም መሬት ወደቁ።

ሁለተኛው ልጅ ጎንበስ ብሎ ሞባይሉን አነሳ። ከዚያ ሰንጢዋን አነሳ። በእርጋታ ከፈታት፣ ስለቷን አየ፣ አየኝ፣ መልሶ አጠፋትና ኪሱ ከተታት። ጓደኛዬ ሰው ይዞ ሲመለስ እነሱ የሉም።

ክሊኒክ የነበረችው ሲስተር ጣቴን እያጠበች "ማነው የወጋህ?" አለችኝ። "እኔው ነኝ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

ለብዙ ሳምንት የከነከነኝ ግን ሞባይሉም ጣቴም አይደለም። ያ ልጅ በአንድ ትንፋሽ የከፈታትን ሰንጢ፣ እኔ ባለቤቷ፣ ሁለት ዓመት የኖርኩባት ሰው፣ ለምን መክፈት አቃተኝ? "ፈሪ ስለሆንኩ ነው" ብዬ ደመደምኩ። ይህ መደምደሚያ ትክክል እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ሰንጢ መክፈት ስንት እርምጃ ነው?

ቁጭ ብላችሁ ብርቱካን ልትልጡ ስትሉ ሰንጢ መክፈት አንድ ድርጊት ይመስላል። ዘርዝራችሁ ብታዩት ግን ሰንሰለት ነው። እጅ ኪስ ይገባል፤ ከሌላው ዕቃ መሀል ሰንጢውን ለይቶ ያገኛል፤ ጨብጦ ያወጣል፤ የትኛው ጎን የስለቱ፣ የትኛው የጀርባው እንደሆነ ይለያል፤ የሌላው እጅ ጥፍር ጭረቱን ያገኛል፤ የሞላውን ግፊት አሸንፎ ስለቱን ይጎትታል፤ ስለቱ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ያረጋግጣል፤ በመጨረሻም ጣቶች ከስለቱ መንገድ ወጥተው እጀታውን እንደገና ይጨብጣሉ። ስምንት እርምጃ ማለት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ጉልበት የሚጠይቀው አንዱ፣ ቢበዛ ሁለቱ ነው። የቀሩት የሚሠሩት በጣት ጫፍ ስሜት ነው፤ ጭረቱን ማግኘት፣ ጎኑን መለየት፣ ጣትን ማሸሽ። ሰንሰለት በመሆኑም አንዱ ከተበላሸ ቀጣዩ አይሠራም። በዚያ ላይ እንደኔ ዓይነቱ ሰንጢ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሰው እየገፈተራችሁ ከሆነ ደግሞ አንዱ እጃችሁ ፊታችሁን ሊከልል ወይም ሰውየውን ሊገፋ ይፈልጋል። ሁለቱ እጆች ለሁለት ሥራ ተጠርተዋል ማለት ነው።

ድንጋጤ እጅን ምን ያደርገዋል?

አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አካል በፍርሃትና በቁጣ ጊዜ ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንዴት እንደሚዘጋጅ አብራርቷል። አደጋ ሲታወቀን ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል ይነሳል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይጨምራል፣ ጉበት ስኳር ይለቃል፣ ደም ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይጎርፋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይሄ ሁሉ ዝግጅት ለእግር፣ ለጭንና ለትከሻ ነው። ለጣት ጫፍ የተላከለት ነገር የለም፤ እንዲያውም ይወሰድበታል። የቆዳ የደም ሥሮች ስለሚጠብቡ ጣት ይቀዘቅዛል፣ ስሜቱም ይደነዝዛል። መዳፍ ያልበዋል። ሁልጊዜም ቢሆን በእጃችን ላይ ያለው በዓይን የማይታይ ትንሽ መንቀጥቀጥ በአድሬናሊን ምክንያት ይጎላል። ጭብጥ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይጠነክራል። እንግዲህ የቀዘቀዘ፣ ያላበው፣ የሚንቀጠቀጥና አለቅጥ የሚጨብጥ እጅ ይዘን ከፀጉር ብዙም ያልሰፋች ጭረት ውስጥ ጥፍር ልናስገባ ነው። ጥፍሬ ለምን እንዳዳለጠኝ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው።

አእምሮም ከእጅ አይሻልም። ይርክስና ዶድሰን እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ያደረጉትን ሙከራ ሁላችንም በመጀመሪያ ዓመት ተምረነዋል። ለፈተና አጥንተነው ረስተነው ይሆናል እንጂ ነገሩ ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። ሥራው ቀላል ሲሆን ጠንከር ያለ መነቃቃት ይረዳል፤ ሥራው ረቂቅ ሲሆን ግን ያው መነቃቃት ቶሎ ጎጂ ይሆናል። መሮጥ ቀላል ሥራ ነው፤ ስለዚህ ፍርሃት ያፋጥነዋል። ሰንጢ መክፈት ረቂቅ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ፍርሃት ያበላሸዋል። አንድ ፍርሃት፣ አንድ ሰው፣ ሁለት ውጤት።

ኢስተርብሩክ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጽሑፍ፣ ስሜት ሲግል ትኩረት እንደሚጠብ አስረድቷል። እኔ ያን ማታ የልጆቹን ፊት አላስታውስም። ዱላውን ግን እስከ ጉጡ ድረስ እሥለዋለሁ። ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጥናትም የጦር መሣሪያ ያየ ሰው ዓይኑ መሣሪያው ላይ ስለሚተከል የባለመሣሪያውን ፊት በደንብ እንደማያስታውስ ያሳያል። ዓይኔ ዱላው ላይ ተተክሎ ሳለ እጄ ሰንጢዋን ገልብጦ መያዙን ማን ይንገረው?

በየሥልጠናው ስለሚጠቀሰው የልብ ምት ቁጥር አንድ ነገር ልበል። "ልብ በደቂቃ ይህን ያህል ከመታ የጣት ሥራ ይጠፋል" የሚል አባባል ራስን ስለመከላከል በሚያስተምሩ መጻሕፍት ውስጥ ይደጋገማል። ቁጥሩን እንደ ሕግ መውሰድ ግን ያሳስታል። በሩጫ ልቡ የፈጠነ ሰውና በፍርሃት ልቡ የፈጠነ ሰው አንድ አይደሉም። ይህን ዶርም ውስጥ በራሳችን አይተነዋል። አንድ የዶርም ልጅ የኔን የምትመስል ሰንጢ አለችው። ደረጃውን ወጥተን ወርደን እያለከለክን ከኪስ አውጥተን ለመክፈት ሞከርን። ትንሽ ዘገየን እንጂ ሁላችንም ከፈትናት። ከዚያ አንዱ ተንኮለኛ መብራቱን አጥፍቶ ሳናስበው ከኋላ ይገፈትረን ጀመር። አብዛኞቻችን ያኔ አቃተን፤ አንዱ ሰንጢዋን አልጋ ሥር ጣላት። ስለቷን በፕላስተር ጠቅልለናት ስለነበር ማንም አልተቆረጠም። ይሄ ጥናት አይደለም፣ ጨዋታ ነው። ያሳየኝ ነገር ግን አለ፤ ድካም ብቻውን እጅን አያፈርሰውም፤ አለመዘጋጀት ነው የሚያፈርሰው።

ያ ልጅ ሰንጢዬን በእርጋታ የከፈተበት ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው። ቦታውን የመረጠው እሱ ነው፣ ሰዓቱን የመረጠው እሱ ነው፣ ሰንጢዋን ባነሳ ጊዜ ነገሩ አልቋል። እሱ ጀግና፣ እኔ ፈሪ ስለሆንን አይደለም። የሚያጠቃ ሰው አስቦበት ይመጣል፤ የሚጠቃው ሳያስበው ይያዛል።

ሰንጢ ሠሪዎች ምን አደረጉ?

ይህን ችግር ሠሪዎቹም ያውቁታል። የሰንጢን ታሪክ ብናይ አብዛኛው ማሻሻያ ከእነዚያ ስምንት እርምጃዎች አንዱን ለማቅለል የተደረገ ነው። በፈረንሳይ ሳቯ ውስጥ ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 መሥራት የጀመረው ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ፣ ስለቱ ጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚያቆም ዟሪ ቀለበት የተጨመረለት እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። እኔን ከጠባሳ ያድነኝ የነበረው ይሄ ነው። ሆኖም ቀለበቱን ማዞር ራሱ አንድ ተጨማሪ የጣት ሥራ ነው። ስፓይደርኮ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ሰንጢ ላይ ስለቱን በአንድ አውራ ጣት ለመክፈት የሚያስችል ክብ ቀዳዳ፣ እንዲሁም ሰንጢውን የኪስ አፍ ላይ የሚያንጠለጥል መቆንጠጫ አደረገበት። ኤመርሰን የሚባለው ሠሪ ደግሞ ስለቱ ጀርባ ላይ መንጠቆ አበጀ፤ ሰንጢው ሲወጣ መንጠቆው የኪሱን ጠርዝ ይዞ ስለቱን ይከፍተዋል።

እነዚህ ሁሉ ብልሃት ያላቸው ሥራዎች ናቸው። እያንዳንዱ ግን የሚፈታው የሰንሰለቱን አንድ ቀለበት ነው። ጃኬት መያዙን፣ ገልብጦ መጨበጥን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጊዜን አይፈታም።

ስለ ጊዜ ካነሳን፣ ዴኒስ ቱለር የተባለ የሶልት ሌክ ሲቲ የፖሊስ አሰልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበውን መጥቀስ ተገቢ ነው። ስለት የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ተኩል ግድም፣ በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ሮጦ ይደርሳል። ቱለር ያሰበው ሽጉጥ ከወገቡ ስለሚመዝ የሠለጠነ ፖሊስ ነበር። ታዲያ ከጃኬት ሥር፣ ከቁልፍና ከሳንቲም መሀል፣ በሁለት እጅ የሚከፈት ሰንጢ የሚያወጣ ተማሪስ? እኔና ባለዱላው መሀል የነበረው ርቀት ሁለት ሜትር ቢሆን ነው።

"ልምምድ ብናደርግስ?"

ይህን ታሪክ ለዶርም ልጆች ስነግራቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነበር። ጥያቄው ትክክል ነው። ፊትስና ፖስነር እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳስቀመጡት ክህሎት በሦስት ደረጃ ያድጋል፤ መጀመሪያ እያሰብን እንሠራለን፣ ቀጥሎ እያረምን እንሠራለን፣ በመጨረሻ ሳናስብ እንሠራለን። እናቶቻችን ምጣድ ላይ ሊጥ ሲያዞሩ አይታችኋል? እየተጫወቱ፣ ልጅ እየተቆጡ፣ እጃቸው ክቡን ሳይስት ይጨርሳል። ሦስተኛው ደረጃ እሱ ነው። እዚያ የደረሰ ክህሎት በድንጋጤም ጊዜ በቀላሉ አይጠፋም።

ግን እዚያ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እናቶቻችን በስንት ዓመት፣ በስንት ምጣድ ደረሱበት? በዚያ ላይ ልምምዱ ሁኔታውን መምሰል አለበት። እኔ ሰንጢዬን ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍቻለሁ፤ ሁሉንም ግን ቁጭ ብዬ፣ በብርሃን፣ ለብርቱካን። በጨለማ፣ ቆሜ፣ እየተገፋሁ አንድም ቀን ከፍቼ አላውቅም። የለመድኩት ብርቱካን መላጥ ነው፤ ራስን መከላከል አልነበረም። ሁለቱን አንድ አድርጌ ማሰቤ ነው ስህተቴ።

ለእኔ ትልቁ ነጥብ

እስካሁን ያልኩት ስለ እጅ ነው። አሁን ስለ እግር ልናገር።

ሂክ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 እንዳሳየው፣ ምርጫ ሲበዛ ምላሽ ለመስጠት የሚፈጀው ጊዜም ይረዝማል። ጓደኛዬ ኪሱ ውስጥ ምንም አልነበረውም። ምርጫው አንድ ነበር፤ ሮጠ። የእኔ ኪስ ግን ሌላ ሐሳብ አቀረበልኝ። "ልሩጥ ወይስ ላውጣት?" ያቺ አንድ ጥያቄ እግሬን ተከለችው። ልብ በሉ፣ በዚያች ቅጽበት መላ አካሌ ለሩጫ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልቤም፣ ሳንባዬም፣ ጭኔም። እኔ ግን ያን ሁሉ ዝግጅት ትቼ ምንም ያልተዘጋጀውን የሰውነቴን ክፍል፣ የጣቴን ጫፍ፣ ለሥራ ጠራሁት።

ጓደኛዬ በኋላ "ሰንጢዋ ባትኖር አብረኸኝ ትሮጥ ነበር" አለኝ። ለጥቂት ቀን አኮረፍኩት። እውነቱን ስለነበረ ነው ያኮረፍኩት። ሰንጢዋ ያን ማታ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊትም ስትጎዳኝ ቆይታለች። እሷን ተማምኜ ነው በዚያ ጨለማ መንገድ ማምሸት የለመድኩት። ከለላ መስላኝ ነበር፤ የሰጠችኝ ግን ድፍረቱን ብቻ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ነገር ግን ሁኔታዎች አሉት። ጥቃቱ ሕገ ወጥና የተጀመረ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ሞባይል ተቀብሎ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድን ልጅ ተከትሎ መውጋት ከዚህ ውጪ ነው። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ስላለፈ መከላከል ይናገራል። ደስ ያለኝ ነገር፣ ሕጉ ራሱ የሰውን ድንጋጤ አለመርሳቱ ነው፤ ማለፉ በጥቃቱ ምክንያት ከመጣ ይቅር ሊባል ከሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ የተነሳ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊተው ይችላል።

ዘመድ ያለው እንግሊዝ አገር ለሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ሕግ ያለ ምክንያት በአደባባይ እንዲያዝ የሚፈቅደው ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥና ማቆሚያ የሌለውን ተጣጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ሰው ልጎዳበት ብሎ መያዝ ወንጀል ነው። እንግዲህ የተፈቀደው ልክ የኔን የመሰለው፣ ጣት ላይ የሚታጠፈው ዓይነት ነው። ብርቱካን ለመላጥ በቂ ነው፤ ለጠብ ግን አልተሠራም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ባለሙያ አይደለሁም፤ ካነበብኩትና ካየሁት ተነስቼ የማምንበትን ብቻ ላስቀምጥ።

1. በድንጋጤ ጊዜ አካላችን የሚያግዘንን ሥራ እንምረጥ። መሮጥና መጮኸ የትልልቅ ጡንቻ ሥራ ናቸው። "ሌባ! ሌባ!" ብሎ ለመጮኸ የጣት ጫፍ አያስፈልግም። እኔ ጋ ሰው የደረሰው በጓደኛዬ ጩኸት ነው።

2. ውሳኔውን አስቀድመን እንጨርስ። "እንዲህ ከሆነ ዕቃውን ጥዬ ወደ ሰው ወዳለበት እሮጣለሁ" ብሎ በቀን፣ በሰላም ጊዜ የወሰነ ሰው በማታ አይንገዋለልም።

3. ርቀት ጊዜ ነው። ጥግና አጥር ሳንታከክ፣ ሞባይል ሳንነካካ፣ ሁለትና ሦስት ሆነን ብንሄድ የምናተርፈው አንድ ሰከንድ ከማንኛውም ሰንጢ ይበልጣል።

4. ሰንጢ የያዘ ሰው ለሥራው ይያዘው። ሽንኩርትም፣ ብርቱካንም፣ ገመድም አለ። "ይጠብቀኛል" ብሎ ግን ጨለማ አይግባበት።

5. ይሄኛው በተለይ ለእኛ ለሥነ ልቦና ተማሪዎች ነው። ተዘርፎ ወይም ተመትቶ "ምንም ማድረግ አቃተኝ፣ እጄ ከዳኝ" የሚል ሰው ሲገጥመን "ለምን እንዲህ አላደረግህም?" አንበለው። ያ ሰው ራሱን ከበቂ በላይ ጠይቋል። የሚያስፈልገው እጁ ለምን እንደከዳው የሚያስረዳው ሰው ነው። እኔ ለወራት ስለ ጣቴ የዋሸሁት እፍረቱ ከቁስሉ ስለበለጠብኝ ነው። ቁስሉ በአሥር ቀን ደርቋል።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ሰንጢ መክፈት የጣት ጫፍ ሰንሰለት ነው፤ ድንጋጤ መጀመሪያ የሚቀማን ደግሞ የጣት ጫፍን ነው። በምትኩ እግርና ድምፅ ይሰጠናል። የተሰጠንን ትተን የተቀማነውን ስንፈልግ ጊዜው ያልፋል።

በክረምቱ አገር ቤት ስሄድ አጎቴ ምሳ በልተን ብርቱካን ቀረበና "እስቲ ያቺን ሰንጢ አምጣት" አለኝ። ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ጣቴን ይዞ እያገላበጠ ካየ በኋላ "አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ብርቱካን ልትልጥባት ነው የሰጠሁህ!" አለኝ። እናቴ ከጓዳ ሆና ለካ ስትሰማ ነበር። ብቅ ብላ "ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማህም? ሁለተኛ እንዳትቆም፤ ሩጥ!" አለች። ብርቱካኑን በኩሽና ቢላ ላጥነው።